ብርቱካኑና ቁጥሩ

እናቴ ሁለት ብርቱካን ልጣ ለልጅ ልጆቿ ካካፈለች በኋላ ጣቷን ወጋች። የደም ስኳር መለኪያ ማሽኑ 268 አለ። «ቁርሴን እንኳ በቅጡ አልበላሁ! ኪኒኑን ልድገመው እንዴ?» አለችኝ፣ ፊቷ ተለዋውጦ። ኪኒኑን ተይው ብያት እጇን በሳሙና አስታጠብኳት፤ በደንብ አድርቀን ሌላ ጣት ወጋን። 141። በሁለቱ መካከል አምስት ደቂቃ እንኳ አላለፈም።

ልዩነቱን ያመጣው ብርቱካኑ ነው። የአሁኖቹ መለኪያዎች አብዛኞቹ የሚበቃቸው አንድ ማይክሮሊትር ወይም ከዚያ ያነሰ ደም ነው፤ የሚሊሊትር አንድ ሺህኛ ማለት ነው። ስኳሩ 100 ሚሊግራም በዴሲሊትር በሆነ ደም ውስጥ ይህች ጠብታ የምትይዘው ግሉኮስ አንድ ማይክሮግራም፣ የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ብቻ ነው። ጣት ላይ ከደረቀ የፍራፍሬ ጭማቂ ወይም ማር ይህችው ያህል ግሉኮስ ከተቀላቀለባት ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል። በአልኮል ጥጥ ማበስ ብቻውን ሁልጊዜ አያስለቅቀውም፤ ውሃና ሳሙና ይሻላል።

ደሙን የሚቀበለው የመለኪያው ስትሪፕ ላይ ግሉኮስን ለይቶ የሚይዝ ኢንዛይም ተቀብቷል። ኢንዛይሙ ከግሉኮሱ ኤሌክትሮን ይነጥቃል፤ ከዚያ የሚፈጠረውን ጥቂት የኤሌክትሪክ ፍሰት ማሽኑ ለክቶ ወደ ቁጥር ይቀይረዋል። እርጥበትና ሙቀት ደግሞ ኢንዛይሙን ያበላሹታል። ስለዚህ ስትሪፕ ከብልቃጡ አውጥቶ፣ በወረቀት ጠቅልሎ ለጎረቤት ማካፈል፣ ደግነቱ ልብ ቢነካም፣ የተሳሳተ ቁጥር ማካፈል ሊሆን ይችላል።

ድሮ የሚመረመረው ሽንት ነበር። ቤኔዲክት የሚባለው ሰማያዊ ፈሳሽ ከሽንት ጋር ሲፈላ፣ ስኳር ካለ ወደ አረንጓዴ፣ ወደ ቢጫ፣ ሲብስም ወደ ጡብ ቀለም ይለወጣል። ችግሩ ኩላሊት ስኳርን ወደ ሽንት የሚለቀው በአብዛኛው ሰው ላይ የደሙ መጠን ወደ 180 ገደማ ሲደርስ መሆኑ ነው። ስኳሩ ወርዶ የሚንቀጠቀጥን ሰው ሽንት ምንም አይናገርለትም።

የሦስት ወር የምንለው ምርመራ ሌላ ነገር ያያል። ኢራናዊው ሐኪም ሳሙኤል ራህባር እ.ኤ.አ. በ1968 የስኳር ሕሙማን ሄሞግሎቢን ከሌላው ሰው የተለየ መሆኑን አሳወቀ፤ ግሉኮስ ተጣብቆበት ነበር። ቀይ የደም ሕዋስ የሚኖረው 120 ቀን ያህል ስለሆነ የተጣበቀው መጠን ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ያሳያል፤ 7 በመቶ ማለት በአማካይ 154 ገደማ ነው። አማካይ ግን ይደብቃል። አንዴ 60፣ አንዴ 250 የሚሆን ሰው ሸጋ ውጤት ይዞ ሊመለስ ይችላል። ወባ ሕዋሳቱን ያለ ዕድሜያቸው ካፈረሳቸው ውጤቱ ያለ አግባብ ዝቅ ይላል፤ በብረት እጥረት የመጣ ደም ማነስ ደግሞ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ይህ ሁሉ በአገራችን ብርቅ አይደለምና ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

ክንድ ላይ ተለጥፎ ቀንና ሌሊት የሚለካውም አለ። ቀጭን ክሩ ከቆዳ ሥር ያለውን ፈሳሽ እንጂ ደሙን ስለማያነብ ስኳሩ በፍጥነት ሲወጣና ሲወርድ ጥቂት ደቂቃዎች ወደኋላ ይቀራል። ሌሊት ስኳር ሲወርድ የሚጮኸው ግን ሕይወት ያተርፋል፤ ዋጋው ለብዙዎቻችን የማይቀመስ መሆኑ ያንገበግበኛል።

ስትሪፕ ለሚቆጥብ፣ ኢንሱሊንም ለማይወጋ ሰው፣ ሁልጊዜ ጠዋት ጠዋት ብቻ ከመለካት አንዳንዴ ሁለቱን በአንድ ማዕድ ላይ ማዋል የበለጠ ያስተምራል፦ አንዱን ከምግብ በፊት፣ ሌላውን ከመጀመሪያው ጉርሻ ሁለት ሰዓት በኋላ። ላብ ላብ ካለውና ከተንቀጠቀጠ ግን ቁጠባ የለም፤ ይለካ። ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ከሌለ፣ መዋጥ እስከቻለ ድረስ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ወዲያው ይጠጣ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ ይለካ።

እናቴ ቁጥሮቿን የምትጽፍበት የልጆች ደብተር አላት። 268ን አልሰረዘችውም። አጠገቡ «ብርቱካን» ብላ ጻፈችበት፣ ከሥሩ ደግሞ «በምሳ፣ ሽሮ በአንድ እንጀራ፤ በፊት 128፣ በኋላ 187።» በማግስቱ በግማሽ እንጀራ ደገመችው።