መድኃኒቱ እምቢ ሲል

ዓባይ ከምድር ብቅ በሚልበት በግሽ ዓባይ፣ ውኃው ገና ወንዝ ከመሆኑ በፊት ጸበል ነው። ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ፣ ከዚያም ከራቀ አገር ሕመምተኛ ይዞ የመጣ ሰው ይጠመቅበታል፣ ይጠጣዋል፣ እቤት ለቀረው ዘመድም ቀድቶ ይወስዳል። ሐኪም ቤት «ምንም የለበትም» ያለውን ሰው ዘመዶቹ ተስፋ ሳይቆርጡ ጸበል ይዘውት ይሄዳሉ። ውኃው ሲነካው ይጮኻል፤ የራሱ ባልሆነ ድምፅ ይናገራል፤ «ማን ነህ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ለፍልፎ፣ ምሎ፣ ተገዝቶ ይለቃል። ይህን እያየ ላደገ ሰው የሆረር ፊልም ግማሹ ታሪክ የሚያውቀው ነው። የሚያስደነግጠው የቀረው ግማሽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 ዊልያም ፍሪድኪን የሠራውን «ዘ ኤግዞርሲስት» እንውሰድ። የ12 ዓመቷ ሬገን ትታመማለች፤ እናቷ ከሐኪም ሐኪም ታዞራታለች፤ ምርመራው ሁሉ ባዶ ይወጣል። በመጨረሻ ወደ ካህን ትሄዳለች። ካህኑ አባ ካራስ የሥነ አእምሮ ሐኪምም ነው። ልጅቷን ሊፈትን ውኃ ይረጭባታል፤ «ጸበል ነው» ይላታል። ልጅቷ ታቃስታለች፣ ትንፈራገጣለች። ውኃው ግን ከቧንቧ የተቀዳ ተራ ውኃ ነበር። ይህች አጭር ትዕይንት ለእኔ ከልጅቷ አንገት መዞርና ከአረንጓዴው ትውከቷ ሁሉ ትበልጣለች። ካህኑ አሁን ምን ይመን? ልጅቷ እያስመሰለች ነው? ወይስ ውስጧ ያለው ነገር እያወቀ ይቀልድበታል? በጸሎቱ መካከል ከካራስ ጋር የሚጸልዩት ሽማግሌ ካህን ልባቸው ቆሞ ይሞታሉ፤ ካራስ ክፉውን መንፈስ ወደ ራሱ ጠርቶ ከመስኮት ይወረወራል። ልጅቷ ትድናለች፤ ያዳኗት ግን አንዳቸውም አልተረፉም። ፊልሙ ለ10 ኦስካር ታጭቷል፤ ለምርጥ ፊልም የታጨ የመጀመሪያው ሆረርም እሱ ነው።

ሆረርን ከሌላው ፊልም የሚለየው ምንድን ነው ቢባል ብዙዎች ደም ይላሉ። በጦር ፊልምም ደም ይፈሳል፣ በወንጀል ፊልምም ሰው ይታረዳል። ፍርሃትም ብቻውን አይበቃም፤ በሌሊት መንገድ ላይ ጅብ የገጠመው ሰው ይፈራል፣ ጅቡ ግን ጅብ ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ኖኤል ካሮል በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሆረር ጭራቅ አደገኛ ከመሆኑ ሌላ ተፈጥሮ የለየችውን የሚያደባልቅ መሆን አለበት ይላል፤ ሞቶ የሚሄድ፣ ሰው ሆኖ አውሬ የሆነ። በጎጃም ገጠር ይህን ለማስረዳት መጽሐፍ አያስፈልግም። ቀን እንደ ሰው ውሎ ሌሊት ጅብ ይሆናል ስለሚባለው ቡዳ ያልሰማ ልጅ የለም።

የካሮል ሐሳብ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። የቡዳ ታሪክ በምሽት እሳት ዳር ሲወራ ልጆቹ ይፈራሉ፣ ከዚያ ተኝተው ያድራሉ። ለምን ቢሉ ታሪኩ መድኃኒቱን ይዞ ስለሚመጣ ነው። ጤና አዳም አለ፣ ክታብ አለ፣ የሚታጠን አለ፣ የተበላውን ሰው የሚያስለፈልፍ አዋቂ አለ፣ ከሁሉ በላይ ጸበል አለ። ሆረር ፊልም የሚጀምረው ይህ ሁሉ ተሞክሮ እምቢ ሲል ነው። ጭራቁን በደንብ መሳል ብዙ ሰው ይችላል፤ ተመልካቹ የተማመነበትን መድኃኒት ዓይኑ እያየ መንሳት ግን ጥበብ ይጠይቃል።

ካለፉት 30 ዓመታት ሥራዎች ተጽዕኗቸው የጎላው ሁሉ እዚህ ቦታ ላይ የበረቱ ናቸው። የጃፓኑ ሂዴኦ ናካታ በ1998 ያወጣው «ሪንግ» አንድ የቪዲዮ ካሴት ያየ ሰው በሰባተኛው ቀን ስለሚሞትበት ነገር ይተርካል። አንዲት ጋዜጠኛ መንስኤውን አጥንታ ጉድጓድ ውስጥ የቀረች ልጅ አጽም ታገኛለች። እኛ አገር ፍትሐት ያልተደረገለት ሬሳ ዕረፍት እንደማይሰጥ እንደሚታመነው፣ እሷም አጽሙ ሲወጣ ነገሩ እንዳበቃ ታምናለች። ተመልካቹም እፎይ ይላል። በማግስቱ የቀድሞ ባሏ በገዛ ቤቱ ይሞታል። የሚያድነው ካሴቱን አባዝቶ ለሌላ ሰው ማሳየት ነበር፤ ማለትም የራስን ሞት ለሌላ ማሻገር። ከዚህ በኋላ ሆሊውድ የእስያን ሆረር እየተከተለ መሥራት ያዘ።

የአሪ አስተር «ሄሬዲተሪ» (2018) ልጇን በሞት ላጣች እናት የሟችን መንፈስ መጥራት የምታስተምራት ደግ ጎረቤት የመሰለች ሴት ያመጣላታል። መጽናኛ የመሰላት ያ ሥርዓት ቤተሰቡን ጠራርጎ የሚጨርሰው ወጥመድ ሆኖ ይገኛል።

የጆርዳን ፒል «ጌት አውት» (2017) ላይ ግን ቆም ማለት ይገባል። ክሪስ የተባለ ጥቁር ወጣት የነጭ ፍቅረኛውን ወላጆች ሊተዋወቅ ይሄዳል። በፈገግታ ይቀበሉታል። እናቲቱ የአእምሮ ሐኪም ነች፤ «ሲጋራውን ላስተውህ» ብላ የሻይ ማንኪያዋን በሲኒው ዙሪያ ቀስ አድርጋ እያሽከረከረች ታፈዘዋለች። ሰውነቱ ወንበሩ ላይ ቁጭ እንዳለ እሱ ጨለማ ውስጥ ይሰምጣል፤ ያያል፣ ይሰማል፣ መንቀሳቀስ አይችልም። ሕክምናው ራሱ ነው ያሠረው። ፒል በዚህ ፊልም የረጅም ዘመን ልማድ ገልብጧል። አሮጌው ሆረር ብዙ ጊዜ ባዕዱን፣ አካል ጉዳተኛውን፣ መልኩ የተለየውን ጭራቅ ያደርግ ነበር። እዚህ ጭራቁ ተከብሮ የሚኖረው ባለቤት ነው፣ የሚታደነው እንግዳው። ወደ 4.5 ሚሊዮን ዶላር የፈጀው ፊልም ከ250 ሚሊዮን በላይ አስገባ፤ ፒልም በምርጥ ወጥ የፊልም ጽሑፍ (ኦሪጅናል ስክሪንፕሌይ) ኦስካር የወሰደ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ። ከእሱ ወዲህ ሆረር ማኅበራዊ ጥያቄ መሸከም እንደሚችል የሚጠራጠር አምራች ጥቂት ነው።

ለእኛ በጣም የሚቀርበው ደግሞ የረሚ ዊክስ «ሂስ ሀውስ» (2020) ይመስለኛል። ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው፣ ባሕር አቋርጠው እንግሊዝ የገቡ ባልና ሚስት የተሰጣቸው ቤት ግድግዳ ውስጥ አንድ ነገር ይንሾካሾካል። ከአገራቸው ተከትሏቸው የመጣ የሌሊት ጠንቋይ ነው። ቤቱን ለቀው ቢወጡ ደግሞ የጥገኝነት ጥያቄያቸው አደጋ ላይ ይወድቃል። በሊቢያ በረሃና በሜዲትራኒያን ልጅ ያልገበረ የኢትዮጵያ አካባቢ እምብዛም ስለሌለ፣ ባሕሩ ላይ ምን እንደሆነ ፊልሙ ቀስ በቀስ ሲገልጠው የእኛ ሰው ከማንም ቀድሞ ይገባዋል።

የአገራችን ፊልም ወደዚህ መንደር እምብዛም አልገባም። የሚገርመው፣ ሲኒማ አዲስ አበባ ሲደርስ ራሱ እንደ ሆረር ነበር የታየው። በቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ የነበረውን የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ጠራው፤ ሞተው የቀሩ ሰዎች ጥላ በግድግዳ ላይ ሲሄድ ማየት ሌላ ምን ሊባል ይችል ነበር? ከዚያ በኋላ የአማርኛ ፊልም በአብዛኛው ፍቅርና ኮሜዲ ሆነ። ወደ ሆረር ድንበር በጣም የተጠጋው ምናልባት በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው። ሆረር አይደለም። ነገር ግን ከጀርመን ወደ ጣና ዳር መንደሩ የተመለሰው ምሁር አንበርብር በቅዠት ሲሠቃይ፣ ወጣቶች ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ ሲደበቁ፣ ቀይ ሽብር ከሕልም ውስጥ እየወጣ ቀኑን ሲበክለው፣ ኃይሌ የሆረርን መሣሪያ ሁሉ አሳምሮ እንደሚያውቅ ያሳያል።

ገንዘብ የለም የሚለው ምክንያት አያሳምነኝም። በ1999 የወጣው «ብሌር ዊች ፕሮጀክት» ሦስት ወጣቶች በእጅ ካሜራ ጫካ ውስጥ የሚጠፉበት ፊልም ነው፤ ቀረጻው በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር አልቆ ወደ 250 ሚሊዮን አስገባ። ጠንቋይቱ አንድም ጊዜ አትታይም። የሚሰማው ኮቴ ነው፣ የልጆች ድምፅ ነው፣ በጨለማ የሚንቀጠቀጥ ድንኳን ነው። በግሽ ዓባይ ዙሪያ ባለው በሰከላ ተራራ ላይ ደመና ሲወርድ፣ ከብቶቹ በረት ውስጥ ድንገት ሲላወሱ፣ ከደጅ የጅብ ጩኸት መጥቶ ሲቋረጥና ሳይመለስ ሲቀር፣ ከዚህ የበለጠ ድምፅ በየትኛውም ስቱዲዮ አይሠራም። ጆሮ ከዓይን ይልቅ ይፈራል፤ ዓይን ያየውን ይለካዋል፣ ጆሮ የሰማውን ያሳድገዋል።

ይሁን እንጂ ነገ አንድ ወጣት ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ካሜራ ይዞ ቢነሣና «ስለ ቡዳ ልሥራ» ቢል አንድ ነገር በብርቱ እለምነዋለሁ። ቡዳ የተባለው ሰው እውነተኛ ሰው ነው። ማረሻ የሚሠራው ቀጥቃጭ፣ እንስራና ምጣድ የምታቃጥለው ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ፣ በጎንደር በኩል ደግሞ በእጅ ሥራ ይተዳደሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ለዘመናት በዚህ ስም ተገልለው ኖረዋል። ሥራቸው ይፈለጋል፤ ልጃቸውን ግን ማንም አያገባም። አንድ ልጅ ታሞ ሲለፈልፍ ከአፉ የሚወጣው ስም የእነዚህ ሰዎች ነው። ቀጥቃጩን በፀጉራም ጭንብል ጅብ አድርጎ የሚያሳይ ፊልም ሚሞሪ ላይ ተጭኖ በየመንደሩ ቢዞር፣ ከሲኒማው የሚወጣው ጉዳት በሚቀጥለው ገበያ ቀን አንዲት ሸክላ ሠሪ ላይ ነው የሚያርፈው።

ፒል ያደረገውን ማድረግ ይቻላል። ካሜራው ከሸክላ ሠሪዋ ቤት ውስጥ ይሁን። ሌሊት ነው፤ ከመንደሩ የአንድ ልጅ ልፍለፋ ይሰማል፤ ሰዎች ተሰብስበው «ማን ነህ? ማን በላህ?» እያሉ ይጠይቁታል። እሷ ምጣዷ አጠገብ ተቀምጣ ልጁ የማንን ስም እንደሚጠራ ትሰማለች። ክታቡ፣ ጭሱ፣ አዋቂው ሁሉ ከውጭ ካሉት ጋር ናቸው። እሷ ዘንድ መድኃኒት የለም፤ የሰዎቹ ኮቴ ደግሞ ወደ ደጇ እየመጣ ነው።