ዓለምን ማወቅ ከቀዬ ይጀምራል

ማንኛውም ኅብረተሰብ ለታዳጊ ልጆቹ ከሚያወርሳቸው ሀብቶች መካከል አንዱና ዋነኛው የሚኖሩበትን ዓለም የማወቅ ችሎታ ነው። የቆመበትን ሥፍራ የማያውቅ ሰው የሚሄድበትን አቅጣጫ ሊመርጥ አይችልም፤ የጎረቤቱን ኑሮ ያልተረዳም ስለ መብቱም ሆነ ስለ ሰላሙ ከጎረቤቱ ጋር ተነጋግሮ ሊግባባ አይቻለውም። በመሆኑም ለሕፃናት የዓለምን መልክዓ ምድርና የዓለም ዜግነትን ማስተማር ለከተማ ልጆች ብቻ የተመደበ የቅንጦት ትምህርት ሊሆን አይገባም። የፍኖተ ሰላም፣ የቡሬና የምዕራብ ጎጃም ገጠር ልጅም ይገባዋል። እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ጥያቄ ትምህርቱ ከየት ይጀመር፣ በምንስ መሣሪያ ይሰጥ የሚለው ነው።

የመልክዓ ምድር ትምህርት ለረጅም ዘመን በአብዛኛው የሽምደዳ ትምህርት ሆኖ ቆይቷል። ተማሪው የአገሮችን ዋና ከተሞች፣ የተራሮችን ከፍታና የወንዞችን ርዝመት በቃሉ ያወርዳል፤ የኔፓል ዋና ከተማ ካትማንዱ መሆኗንም ሳያመነታ ይመልሳል። ነገር ግን በትምህርት ቤቱ ግቢ የቀትር ጥላ በየትኛው ወር ወደ ሰሜን፣ በየትኛው ወር ወደ ደቡብ እንደሚወድቅ ቢጠየቅ ዝም ይላል። ከነገሩ ተለይቶ የተሸመደደ ስም ፈተናው ባለፈ ማግስት ይረሳል። የሚያስገርመው ደግሞ በዚያው ቀበሌ የሚኖረው እረኛ ከብቶቹን የሚመልስበትን ሰዓት ከጥላው ርዝመት ማወቁ፣ አባቶችም ጥላን በጫማ እየሰፈሩ ሰዓት ሲለዩ መኖራቸው ነው። ዕውቀቱ በሜዳው ላይ አለ። የጎደለው ከመማሪያ ክፍሉ ጋር የሚያገናኘው ድልድይ ነው።

ይህን ድልድይ ለመሥራት ትልቅ በጀት አያስፈልግም፤ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ይበቃል። ፍኖተ ሰላም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ከ42 ደቂቃ ገደማ ላይ ትገኛለች። በስተምዕራብ ያለችው ቡሬም በዚሁ የኬክሮስ መስመር ላይ ናት ማለት ይቻላል። ከዚህ የተነሣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ይኸውም በሚያዝያ 10 ገደማና በነሐሴ 19 ገደማ፣ በሁለቱ ከተሞች አናት ላይ በቀጥታ ታልፋለች። በእነዚህ ቀናት ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት በቀትር ጥላ አይኖረውም። በሁለቱ ቀናት መካከል ባሉት ወራት የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀረው የዓመቱ ክፍል ወደ ሰሜን ያጋድላል። የነሐሴ ደመና ትዝብቱን ሊከለክል ይችላል፤ በሚያዝያ ግን ልጆቹ እንጨታቸውን ተክለው፣ የጥላውን ጫፍ በጠጠር እያመለከቱ ራሳቸው ሊደርሱበት ይችላሉ።

በዚሁ ትዝብት ሌላ ጥያቄ ይከተላል። ጥላው እጅግ የሚያጥረው ልክ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን ከ6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ምክንያቱም የኢትዮጵያ ሰዓት የሚቆጠረው በምሥራቁ የአገራችን ክፍል በሚያልፈው በ45ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ ሲሆን፣ ፍኖተ ሰላም የምትገኘው በ37ኛው ዲግሪ አካባቢ በመሆኑ ነው። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ይፈጅባታል። ልጁ ይህን ካሰላ በኋላ ምድር ትዞራለች የሚለውን ዓረፍተ ነገር መምህሩ ስለ ነገረው ብቻ አይቀበለውም። በራሱ እንጨት መስክሮታልና።

ልጁ በዚያው የኬክሮስ መስመር ላይ ጣቱን ወደ ምሥራቅ ቢያስኬድ የቬትናምን ሆ ቺ ሚን ከተማ በቅርብ ያገኛል፤ ወደ ምዕራብ አትላንቲክን ቢሻገር የትሪኒዳድና ቶቤጎ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ፖርት ኦፍ ስፔን ይደርሳል። በእነዚያ ከተሞች የሚኖሩ ልጆች ፀሐይን አናታቸው ላይ የሚያዩት እርሱ በሚያይበት ሰሞን ነው። ታዲያ እነርሱ በሙቀት ሲጠበሱ የፍኖተ ሰላም ልጅ ማታ ጋቢ የሚደርበው ለምንድን ነው? መልሱ ከፍታ ነው። ከተሞቹ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ያላሉ ሲሆኑ ፍኖተ ሰላም ግን ከ1900 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ ሙቀትም በየ1000 ሜትሩ ከ6 ዲግሪ በላይ እየቀነሰ ይሄዳል። አርሶ አደሩ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ እያለ የሚከፍለው ይህንኑ ሕግ ነው። ልጁ የወላጁ ንግግር ሳይንሳዊ መሠረት እንዳለው ሲረዳ ለትምህርቱም ለወላጁም ያለው አክብሮት ይጨምራል።

በእንጨትና በጥላ ዓለምን መለካት አዲስ ፈሊጥ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን አፍሪካ፣ በቀሬና የተወለደው ኤራቶስቴንስ የምድርን ዙሪያ ያሰላው በዚሁ ዘዴ ነበር። ለስሌቱ የመረጣቸው ሁለት ከተሞች አስዋንና እስክንድርያ ነበሩ፤ አንዷ በዓባይ ዳር፣ ሌላይቱ ዓባይ ወደ ባሕር በሚገባበት ምድር አጠገብ። በአስዋን ፀሐይ አናት ላይ በምትሆንበት ቀን የእስክንድርያ ጥላ የክብን አንድ ሃምሳኛ እንደሚያህል ዐወቀ፤ የሁለቱን ከተሞች ርቀት በ50 አባዝቶም የምድርን ዙሪያ አገኘ። ዛሬም የፍኖተ ሰላምና የካርቱም ተማሪዎች በአንድ ቀን ቀትር ላይ ጥላቸውን ለክተው ቢጻጻፉ የ5 ዲግሪ ያህል ልዩነት ያገኛሉ፤ ይህም ከደቡብ ወደ ሰሜን 550 ኪሎ ሜትር ያህል ማለት ነው። አንዱ ልጅ ብቻውን ምድርን ሊለካ አይችልም፤ በሌላ አገር ያለው ልጅ ልኬት ያስፈልገዋል። የዓለም ዜግነት ትርጉም ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የሚያሻው አይመስለንም።

ከጥላው ቀጥሎ ወንዙ አለ። ጎጃምን በሦስት ወገን የከበበው ዓባይ ለዚህ አካባቢ ልጅ ሩቅ ስም አይደለም። ፈጠምና ብር የመሳሰሉት ወንዞች ወደ እርሱ ይወርዳሉ፤ በሰከላ የሚገኘው የግሽ ዓባይ ምንጭም የወንዙ መነሻ ተብሎ በሰፊው ይታወቃል። አንዳንድ መጻሕፍት ምንጩን እ.ኤ.አ. በ1618 ፔድሮ ፓኤዝ፣ ወይም በ1770 ጀምስ ብሩስ አገኘው ይላሉ። እነዚህ ሰዎች ምንጩን ማየታቸው እውነት ነው፤ ይሁንና መንገድ መርቶ ያሳያቸው የአገሬው ሰው ከእነርሱ በፊት ያውቀውና በጠበልነቱ ያከብረው ነበር። ተማሪው ማን አገኘው ከሚለው ጥያቄ ጎን ለማን ነው አዲስ የሆነው ብሎ መጠየቅ ሲለምድ ንቃተ ህሊናው መዳበር ይጀምራል።

የዓባይ ትምህርት ግን በኩራት ብቻ ሊቆም አይገባውም። የዓባይ ተፋሰስ 11 አገሮችን ያቀፈ ነው፤ አስዋን ከሚደርሰው ውሃ 85 በመቶ ያህሉ የሚመነጨው ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ግብፅና ሱዳን ውሃውን በሁለት ሲከፋፈሉ ኢትዮጵያ በውሉ አልነበረችበትም። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረውና በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ይህን ረጅም ታሪክ የለወጠ ሥራ ነው። ልጁ ይህን መብቱን ጠንቅቆ ማወቅ አለበት። እንዲሁም በአባይ ውሃ ስንዴ የሚያበቅል የግብፅ ገበሬ፣ በገዚራ ጥጥ የሚያለማ የሱዳን ገበሬ እንዳለ፣ እነርሱም እንደ አባቱ ልጆቻቸውን ለማብላት የሚደክሙ ሰዎች መሆናቸውን ማወቅ ይገባዋል። የባላጋራን ስም ብቻ የተማረ ልጅ ነገ ከጠብ ሌላ መፍትሔ አይታየውም። የውሃውን ልክና የተጠቃሚውን ኑሮ የተማረ ግን ለመብቱ በዕውቀት ይሟገታል።

ሦስተኛው የመማሪያ መሣሪያ በየቤቱ የሚዘረጋው ማዕድ ነው። በቡሬና በአካባቢዋ የሚለማው በርበሬ የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው። ምዕራብ ጎጃም የሚታወቅበት በቆሎ በመጀመሪያ የተላመደው በሜክሲኮ ነበር፤ በአንዳንድ የአገራችን ክፍሎች የባሕር ማሽላ መባሉም ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይናገራል። ድንች ከአንዲስ ተራሮች የመጣ ነው። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍም ታሪኩን በስሙ ይዞታል። በአንጻሩ ጤፍንና ኑግን ያላመደው የኢትዮጵያ ገበሬ ነው፤ ቡናም ከዚሁ ምድር ተነሥቶ ዓለምን አዳርሷል። ስለዚህ አንዲት እናት በበርበሬ የሠራችውን ወጥ በጤፍ እንጀራ ላይ ስታወጣ የሁለት አህጉር ገበሬዎች ሥራ በአንድ ገበታ ይገናኛል።

የዚህ ግንኙነት ዋጋም በገንዘብ የሚቆጠር ነው። አገራችን የምትጠቀምበትን የአፈር ማዳበሪያ ከውጭ ስታስገባ ኖራለች። በ2014 ዓ.ም. በሩሲያና በዩክሬን መካከል ጦርነት ሲነሣ የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ናረ፤ ጉዳቱም ዩክሬን የት እንደሆነች ሰምቶ የማያውቅ የጎጃም በቆሎ አምራች ደጃፍ ድረስ ደረሰ። አባትየው ዋጋው ለምን እንደጨመረ ሲጠይቅ ልጁ በካርታ ላይ ጥቁር ባሕርንና ጂቡቲን አመልክቶ ሊያስረዳው ቢችል፣ ትምህርቱ ለቤቱ ጠቀመ ማለት ይህ ነው።

ካርታውን ራሱንም መመርመር ያሻል። እ.ኤ.አ. በ1569 መርካቶር ለመርከበኞች ያዘጋጀው አነሣሥ ከምድር ወገብ የራቁ አገሮችን እጅግ አተልቆ ያሳያል። በዚህ ካርታ ግሪንላንድ አፍሪካን ታክላለች፤ በእውነቱ ግን አፍሪካ የግሪንላንድን 14 እጥፍ ያህል ትሰፋለች። የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2025 ይህ እንዲታረም የሚጠይቀውን ዘመቻ መደገፉ ተገቢ ነው። ልጁ በአንድ ቅል ላይ አህጉራትን በከሰል ስሎ ከግድግዳው ካርታ ጋር ቢያስተያይ ማዛባቱን በዓይኑ ያየዋል።

አንዳንድ ወገኖች ልጅ በቅድሚያ አገሩን ይወቅ፤ የዓለም ዜግነት የሚባለው ነገር ሥር ይነቅላል ሲሉ ይደመጣሉ። ሥጋቱ በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ የሌላውን አድንቆ የራሱን የሚንቅ ትምህርት በእርግጥ አለና። ሆኖም ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ29ኛው አንቀጹ ትምህርት ልጁ የራሱን ባህልና ቋንቋ እንዲያከብርም፣ ከራሱ የተለዩ ሥልጣኔዎችን እንዲያከብርም ማዘጋጀት እንዳለበት ይደነግጋል። ሁለቱ ጎን ለጎን የተጻፉ ናቸው። የራሳችን ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ስትወር የመንግሥታት ማኅበር በቂ እርዳታ ሳያደርግ ቀረ፤ በ1943 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ዓላማ ሥር ኮሪያ የዘመቱት ያንን የመተው ምሬት ከሚያውቅ ሕዝብ ወጥተው ነበር። በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት የታነጹት ሐዲስ አለማየሁም በተባበሩት መንግሥታት አገራቸውን ወክለዋል፤ በለንደንም አምባሳደር ሆነዋል። የቅኔው ትምህርት ከዓለም አላገዳቸውም፤ ዓለምም ከጎጃም አልነጠላቸውም።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን መሠረቱ ሊዘነጋ አይገባም። እንጨቱ የሚተከለው በትምህርት ቤት ግቢ ነው፤ ግቢው ከተዘጋ ትምህርቱ የለም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው የትጥቅ ግጭት ሳቢያ በሺህ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል ወይም ተጎድተዋል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕፃናትም ከትምህርት ገበታ ተለይተዋል። ምዕራብ ጎጃም ከዚህ መከራ ድርሻው ከባድ ነው። በሱዳንም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የተጀመረው ጦርነት የካርቱምን ልጅ ከትምህርት ቤቱ አፈናቅሎታል። ጥላቸውን ለክተው ይጻጻፉ ያልናቸው ሁለቱ ልጆች ሳይተዋወቁ በአንድ ዓይነት ዕጣ ተገናኝተዋል። የጠፋ አንድ የትምህርት ዓመት እንደ ጠፋ አዝመራ በሚቀጥለው ክረምት ተዘርቶ የሚተካ አይደለም፤ የ7 ዓመት ልጅ ዳግመኛ 7 ዓመት አይሆነውምና። ስለሆነም የክርክሩ መነሻ ምንም ይሁን ምን፣ የትምህርት ቤትን ደጅ ክፍት አድርጎ መምህሩንና ተማሪውን ከጥቃት መጠበቅ መሣሪያ የያዘ ወገን ሁሉ ግዴታ ነው።

እስከዚያው ድረስም ቢሆን ወላጅ፣ መምህርና የተማረ ወጣት እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ አይገባም። እንጨት በየግቢው ይተከላል፤ በርበሬው በየጓሮው አለ፤ ቅሉም በየቤቱ ተሰቅሏል። ታላቅ ለታናሹ፣ ጎረቤት ለጎረቤቱ ልጅ በእነዚህ ሊያስተምር ይችላል። ፍኖተ ሰላም የሰላም መንገድ ማለት ነው። የከተማይቱ ልጆች በዚያ መንገድ ደብተራቸውን ይዘው በየጧቱ ወደ ትምህርት ቤት ሲመላለሱ፣ ስሟ ያን ጊዜ ትርጉሙን ያገኛል።