ከዳርየን ጫካ የተረፈ ቁስል

በኮሎምቢያና በፓናማ መካከል ያለውን የዳርየን ጫካ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ስደተኞች በእግር አቋርጠውታል። ባለፉት ዓመታት ከብራዚል ተነስተው በዚያው አሜሪካ የገቡ ወገኖቻችንም ነበሩ። ስለ ጎርፉ፣ ስለ እባቡና ስለ ዘራፊው ብዙ ሰምተናል። ከሦስት ሚሊ ሜትር ስለማትበልጠው የአሸዋ ዝንብ ግን የሚያነሳ የለም።

እንደ ትንኝ ጥዝ አትልም። ከምሽት እስከ ንጋት ትናከሳለች፤ በተራው አጎበር ቀዳዳም ታልፋለች። ደም የምትመጠው ሴቷ ናት፤ ሌሽማንያ የተባለውን ጥገኛ ተሕዋስ ከዱር እንስሳት፣ ለምሳሌ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ከሚውለው ዘገምተኛው ስሎዝ፣ ወስዳ ለሰው ታስተላልፋለች። በአገራችን ደጋ ከሽኮኮ የሚመጣው "ቁንጭር" የዚሁ በሽታ ዘመድ ነው።

ቁስሉ የሚወጣው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ፣ መንገዱ ከተረሳ ወዲያ ነው። ብዙውን ጊዜ አያምም፤ ዳሩ አብጦ መሐሉ ይጎደጉዳል፣ በተለመደው ቅባትም አይድንም። ሳይታከም ከቆየ አልፎ አልፎ ወደ አፍንጫና ወደ አፍ ሊዛመት ይችላል። በመጨባበጥ ግን አይተላለፍምና ማንም ወገኑን አይሽሽ።

እኛን የሚያሳስበን ዝምታው ነው። ወረቀት የሌለው ወገናችን የመጣበትን መንገድ መናገር ይፈራል፤ ሐኪሙም ካልተነገረው በሽታውን ላይጠረጥር ይችላል። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" እንዲሉ፣ መድኃኒት ያለው በሽታ ፊት ላይ ጠባሳ ጥሎ ይቀራል።

ውድ አንባቢያን፣ በዚያ ጫካ ያለፈና የማይድን ቁስል ያለበት ሰው የምታውቁ ከሆነ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ "በዳርየን አልፏል" ብላችሁም ተናገሩለት።