ነሐስን ማን ሠራው?



በወረኢሉ በምናስተምርበት ክፍል አንድ ቀን «ነሐስ ከምን ይሠራል?» ብለን ጠየቅን። «ከመዳብና ከቆርቆሮ» አሉን። «ቆርቆሮው የቱ ነው?» ስንል ልጆቹ በመስኮት የጎረቤት ጣሪያ አሳዩን። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ብቻ ዝም አለ። አባቱ ቀጥቃጭ ነው፤ ብረትና እሳት በተነሣ ቁጥር አንገቱን ይደፋል።

በልጆቹ አልፈረድንም፤ ስሙ አንድ ነውና። የጣሪያችን ክዳን ግን ዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። ለነሐስ የሚሆነው ቆርቆሮ ነጭ፣ ለስላሳና በየቦታው የማይገኝ ሌላ ማዕድን ነው።

መዳብም ቆርቆሮም ለየብቻቸው ደካሞች ናቸው። የመዳብ ስለት ቶሎ ይታጠፋል፤ ቆርቆሮም በ232 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ዘጠኝ እጅ መዳብና አንድ እጅ ቆርቆሮ አብረው ሲቀልጡ ግን ከሁለቱም የጠነከረ ነሐስ ይወጣል። የቆርቆሮው ቅንጣቶች በመዳቡ መካከል ገብተው እንዳይንሸራተት ያግዱታል። ንጹሕ መዳብ ለመቅለጥ 1,085 ዲግሪ ሲፈልግ፣ ድብልቁ ከዚያ ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል። ከሰልና ወናፍ ብቻ ለነበረው ሠራተኛ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። ቀደም ሲል በአርሴኒክ የጠነከረ መዳብ ይሠራ ነበር፤ የዚያ ጢስ ግን ሠሪውን ይመርዛል።

ቆርቆሮ ብርቅ ስለነበር ከሩቅ ይጫን ነበር። ከ3,300 ዓመታት በፊት ገደማ በዛሬዋ ቱርክ ጠረፍ፣ ኡሉቡሩን በተባለ ስፍራ የሰጠመ መርከብ ከ1984 እስከ 1994 እ.ኤ.አ. ሲመረመር፣ 10 ቶን ያህል መዳብና 1 ቶን ያህል ቆርቆሮ ተገኘበት። ለነሐስ የሚበቃ ልክ መሆኑ ነው!

በአገራችንም ከአክሱም መንግሥት በፊት በየሓ ይሠራባቸው የነበሩ የነሐስ መሣሪያዎች ተቆፍረው ወጥተዋል። የአክሱም ነገሥታትም ከወርቅና ከብር ሌላ ከመዳብና ከድብልቁ ገንዘብ አሠርተዋል። በገንዘቡ ላይ የንጉሡ ስም ይነበባል፤ የአቅላጩ ስም ግን የለም።

ውድ ወላጆች! ማረሻውንና ማጭዱን እየተጠቀምን ሠሪውን መናቃችን ከምን የመጣ ነው? አላህ (ሱ.ወ.) ለነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ.) ብረትን እንዳለዘበላቸው፣ ለነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ.) የቀለጠ ነሐስ እንዳፈሰሰላቸው በሱረቱ ሰበእ ተነግሮናል። ነቢያት የተሰጡትን ጸጋ እኛ ለስድብ ካዋልነው በልጆቻችን ፊት ምን እንላለን?

በማግሥቱ ያንን ልጅ ስለ ወናፍ እንዲያስረዳን ጠየቅነው። መጀመሪያ ድምፁ አልወጣም። ኋላ ግን እሳቱ መቼ ቀይ፣ መቼ ነጭ እንደሚሆን፣ ወናፉ ቢቋረጥ ምን እንደሚበላሽ ከመጽሐፋችን አብልጦ ነገረን። ክፍሉም ጸጥ ብሎ አዳመጠው። ይህን ጸጥታ በየቤታችን ብናስለምደው ምን አለበት?