ቁልፍ ማስረከብ የኃላፊነት ማብቂያ አይደለም፦ የሕንፃ ሥራ ተቋራጮች ግዴታና ተጠያቂነት

በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች በርካታ ሕንፃዎች በመገንባት ላይ ይገኛሉ። አንድ ሕንፃ ተጠናቆ ቁልፉ ለባለቤቱ በሚሰጥበት ዕለት ሥራ ተቋራጩ መሣሪያውን ጭኖ፣ የቆርቆሮ አጥሩን አንስቶ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል። በብዙ ሰዎች ግምትም በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረው ጉዳይ በዚሁ ዕለት ይዘጋል።

የሀገሪቱ ሕግ የሚለው ግን ከዚህ የተለየ ነው። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 እንደደነገገው፣ ሥራ ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበበት ቀን አንስቶ ለ10 ዓመታት ለሥራው በአግባቡ መፈጸምና ለሕንፃው ጽናት ዋስ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ በአሠራር ጉድለት ወይም ሕንፃው ባረፈበት መሬት ጠባይ ምክንያት ለሚደርስ መፍረስም ሆነ ብልሽት ተጠያቂ ይሆናል። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር የውል ቃል በሕግ ፊት ዋጋ የለውም።

ይህ ተጠያቂነት ተቋራጩ ከመሠረት ቁፋሮው ጀምሮ የሚሠራውንና ሳይሠራ የሚተወውን ሁሉ ይመለከታል። በመሆኑም ግዴታዎቹን ማወቅ ለባለሙያው፣ ቤት ለሚያሠራው ግለሰብና በሕንፃው ለሚገለገለው ኅብረተሰብ ጭምር ጠቃሚ ይሆናል።

ጠቅላላ ሥራ ተቋራጭ ማን ነው?

በአንድ የሕንፃ ግንባታ ሦስት ዋና ዋና ወገኖች ይሳተፋሉ። እነሱም ሥራውን የሚያሠራውና ወጪውን የሚሸፍነው ባለቤት፣ ንድፉን የሚያዘጋጀውና ሥራውን የሚቆጣጠረው አማካሪ መሐንዲስ፣ እንዲሁም ሥራውን የሚያከናውነው ሥራ ተቋራጭ ናቸው። ጠቅላላ ሥራ ተቋራጭ የሚባለው ከቁፋሮ እስከ ማጠናቀቂያ ያለውን ሥራ በአንድ ውል ተረክቦ ግንበኛውን፣ አናጺውን፣ የፌሮ ሠራተኛውን፣ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ባለሙያውን አስተባብሮ የሚያሠራ ነው።

ተቋራጮች ባላቸው የባለሙያ ብዛት፣ የግንባታ መሣሪያና የገንዘብ አቅም እየተመዘኑ ለረጅም ዓመታት ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 10 ሲመደቡ ቆይተዋል። የምደባው ዓላማ ተቋራጩ ከአቅሙ በላይ የሆነ ሥራ እንዳይዝ ለማድረግ ነው። በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም ሕንፃዎችን ሀ፣ ለ እና ሐ በማለት በሦስት ምድቦች ከፍሎ፣ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውሉትንና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን ከፍተኛ ጥንቃቄ በሚጠይቀው በምድብ ሐ አስቀምጧቸዋል። የሌላ ድርጅት የደረጃ ምስክር ወረቀት ተውሶ ወይም ተከራይቶ ሥራ መያዝ የዚህን ሥርዓት መሠረት የሚያናጋ ተግባር ነው። ሥራውን በወረቀት የያዘውና በተግባር የሚሠራው የተለያዩ በሚሆኑበት ጊዜ ጉዳት ሲደርስ ተጠያቂውን ለይቶ ማግኘት አስቸጋሪ ይሆናልና።

ሥዕሉን መከተል፣ ስህተትን ማሳወቅ

የተቋራጩ የመጀመሪያ ግዴታ በውሉ፣ በጸደቀው የግንባታ ሥዕልና በሥራ ዝርዝሩ መሠረት መሥራት ነው። ባለቤቱ ወጪ ለመቀነስ ሲል “ፌሮው ይቀነስ” ወይም “አንድ ፎቅ ይጨመር” ቢል ተቋራጩ ትእዛዙን ተቀብሎ የሚፈጽም ሎሌ አይደለም። ማናቸውም ለውጥ በመሐንዲሱ ተሰልቶ፣ በጽሑፍ ታዝዞና በሚመለከተው የግንባታ ፈቃድ ሰጪ አካል ጸድቆ መሠራት ይኖርበታል።

በሌላ በኩል ሥዕሉን መከተል ብቻውን በቂ የማይሆንበት ጊዜ አለ። በአዲስ አበባ ብዙ አካባቢዎች የሚገኘው መረሬ ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል። በዚህ አፈር ላይ በቂ ጥንቃቄ ሳይደረግ የተጣለ መሠረት ወለልና ግድግዳ መሰንጠቁ አይቀርም። ተቋራጩ በቁፋሮ ወቅት ያገኘው አፈር በጥናቱ ከተመለከተው የተለየ ሆኖ ካገኘው ሥራውን አቁሞ ለአማካሪ መሐንዲሱ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ሕጉ በመሬቱ ጠባይ ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት ተቋራጩን ተጠያቂ ስለሚያደርግ፣ አይቶ ዝም ማለት ኃላፊነቱን አያወርድለትም።

የአርማታ ጥራት

የሕንፃ ጽናት በአብዛኛው የሚወሰነው በአርማታውና በውስጡ ባለው ፌሮ ነው። ለምሳሌ ሲ-25 በመባል የሚታወቀው አርማታ ተሞልቶ በ28ኛው ቀን ሲፈተሽ በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ 25 ኒውተን ግፊት መሸከም ይጠበቅበታል። ይህንንም ለማረጋገጥ አርማታው በሚሞላበት ጊዜ ጎናቸው 15 ሳንቲ ሜትር በሆነ ኪዩቦች ናሙና ተወስዶ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን በቤተ ሙከራ ይፈተሻል።

በግንባታ ቦታዎች ከሚታዩ ስህተቶች ዋነኛው አርማታው በቀላሉ እንዲፈስ በሚል ከመጠን በላይ ውኃ መጨመር ነው። ትርፍ ውኃው በሚተንበት ጊዜ በአርማታው ውስጥ ጥቃቅን ክፍተቶችን ትቶ ጥንካሬውን ይቀንሳል። ከዚህም ሌላ የተሞላው አርማታ ቢያንስ ለ7 ቀናት በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ወይም ውኃ እየጠጣ መቆየት ሲገባው፣ ብዙ ጊዜ በማግሥቱ ለፀሐይ ተጋልጦ ይተዋል። ደጋፊ እንጨቶችን ያለ ጊዜያቸው መንቀልም ሌላው አደገኛ ተግባር ነው።

ፌሮን በተመለከተም ዋና ዋናዎቹን ዘንጎች ዙሪያቸውን የሚያስሩት ስታፋዎች በሥዕሉ በተመለከተው ርቀት መታሰር አለባቸው። ስታፋዎቹ በተለይ ኮለንና ቢም በሚገናኙበት አካባቢ ቀረብ ቀረብ ብለው የሚታሰሩት ሕንፃው በመሬት መንቀጥቀጥ ሲናጥ ኮለኑ እንዳይፈነዳ ነው። ኢትዮጵያ በስምጥ ሸለቆ ላይ የምትገኝ ሀገር በመሆኗ ይህ የሩቅ ስጋት አይደለም። በ1953 ዓ.ም በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አውድሟል። በ2017 ዓ.ም በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው መንቀጥቀጥም ንዝረቱ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። ስታፋው አንዴ በአርማታ ከተሸፈነ በኋላ ጉድለቱን በዓይን ማየት አይቻልም። ስለዚህ ተቋራጩ መሐንዲሱ አይቶ በጽሑፍ ሳይፈቅድ አርማታ መሙላት የለበትም።

የሠራተኞች ደኅንነት

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኞቹን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ፣ ሊደርሱ ስለሚችሉ አደጋዎች የማስገንዘብና የመከላከያ መሣሪያ የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳትም አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ኃላፊ ይሆናል። ይህ ግዴታ ከገጠር መጥቶ በቀን ሒሳብ አሸዋ የሚያመላልሰውን ወጣትና ሲሚንቶ የምትሸከመውን ሴት ጭምር ይመለከታል። የራስ ቁር፣ የደኅንነት ቀበቶና ጠንካራ ጫማ ማቅረብ፣ ክፍት ጉድጓዶችንና የአሳንሰር ቀዳዳዎችን መከለል የተቋራጩ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው የእንጨት መወጣጫ ጉዳይ ነው። ከባሕር ዛፍ አጣና የሚሠራ መወጣጫ ዋጋው ርካሽ ቢሆንም ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት ማሰሪያው ይላላል፤ ከመጠን በላይ ሲጫንም ይደረመሳል። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም በምንጃር ሸንኮራ ወረዳ አረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የእንጨት መወጣጫ ተደርምሶ ከ30 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ያጡበት አደጋ፣ መወጣጫ ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከም ሳያሰሉና ሰው እንዳይወጣበት ሳይከልሉ መተው የሚያስከትለውን መዘዝ በመሪር ሁኔታ አሳይቷል።

ንዑስ ተቋራጭ መቅጠር ኃላፊነትን አያስተላልፍም

ጠቅላላ ተቋራጩ የቧንቧውን፣ የኤሌክትሪኩን ወይም የአሉሚኒየሙን ሥራ ውሉ በሚፈቅደው መጠን ለንዑስ ተቋራጮች ሊሰጥ ይችላል። ይሁንና ባለቤቱ ውል የገባው ከጠቅላላ ተቋራጩ ጋር በመሆኑ ስለ ሥራው የሚጠየቀው እርሱ ነው። የቧንቧ ሠራተኛው ኮለን ሰርስሮ ቱቦ ቢያሳልፍ “እኔ አልሠራሁትም” የሚል መልስ ተቀባይነት አይኖረውም። ለንዑስ ተቋራጮችና ለቀን ሠራተኞች የሚገባውን ክፍያ በወቅቱ መክፈልም የጥራት ጉዳይ ጭምር መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ደመወዙ የዘገየበት ሠራተኛ በጥንቃቄ ይሠራል ብሎ መጠበቅ ያስቸግራል።

ጊዜ፣ ገንዘብና ርክክብ

ተቋራጩ ሥራውን በተስማማበት ጊዜ የማጠናቀቅ ግዴታ አለበት። የተቀበለውን ቅድመ ክፍያ ለዚያው ሥራ ማዋል፣ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና ማቅረብና የሥራ ሂደት መርሐ ግብር ማዘጋጀትም በውሎች ዘንድ የተለመዱ ግዴታዎች ናቸው። የዋጋ ንረት ወይም የሲሚንቶ እጥረት ሲያጋጥም ለባለቤቱ በወቅቱ በጽሑፍ ማሳወቅ ይገባዋል። የዋጋውን ልዩነት ከፌሮና ከሲሚንቶ ቀንሶ ለማካካስ መሞከር ግን ኪሳራውን በሕንፃው ውስጥ ለሚኖሩ ሰዎች ማስተላለፍ ነው።

ሥራው ሲጠናቀቅ በቅድሚያ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል። ከዚያም በውሉ በተወሰነው የጉድለት ማስተካከያ ጊዜ፣ በአብዛኛው በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ተቋራጩ የታዩ ጉድለቶችን በራሱ ወጪ አስተካክሎ የመጨረሻው ርክክብ ይፈጸማል። ለመያዣነት የተቀነሰው ገንዘብ የሚለቀቀውም በዚሁ ሂደት ነው። ብዙ ባለቤቶች ይህ አንድ ዓመት ካለፈ መብታቸው ያበቃ ይመስላቸዋል። ከላይ የተጠቀሰው የ10 ዓመት ዋስትና ግን ከዚህ የተለየና ራሱን የቻለ ነው።

በመብቱ ለመጠቀም ባለቤቱም የበኩሉን ማድረግ ይጠበቅበታል። ውሉን፣ የጸደቀውን ሥዕል፣ የአርማታ ምርመራ ውጤቶችን፣ በግንባታው ወቅት የተጻፉ ትእዛዞችንና የርክክብ ሰነዱን በአንድነት ማስቀመጥ ይኖርበታል። ስንጥቅ ወይም ስምጠት ሲታይም ሳይውል ሳያድር በፎቶግራፍ አስደግፎ ለተቋራጩ በጽሑፍ ማሳወቅና በገለልተኛ መሐንዲስ ማስመርመር አለበት። በቀለም መሸፈን ችግሩን አያስወግድም።

ለተቋራጩም ቢሆን እነዚሁ ሰነዶች ሥራውን በአግባቡ መሥራቱን የሚመሰክሩለት ማስረጃዎች ናቸው። “ሳይቃጠል በቅጠል” እንደሚባለው፣ አርማታው ከመሞላቱ በፊት የሚደረግ የአንድ ሰዓት ምርመራ ለ10 ዓመታት ከሚዘልቅ ክስና ከሁሉም በላይ በሰው ሕይወት ላይ ከሚደርስ ጉዳት ያድናል።