ነፋስ የማይወስደው መነጽር

ሞተረኛ ፊት ለፊት እያየ እስከነዳ ድረስ ነፋስ መነጽሩን አይወስድበትም፤ እንዲያውም ፊቱ ላይ ይለጥፍለታል። መነጽር የሚሄደው አንገት ሲዞር ነው። ከኋላ የሚመጣውን መኪና ለማየት ፊቱን ወደ ጎን ባዞረበት ቅጽበት ነፋሱ በፍሬሙና በጉንጩ መካከል ያለችውን ክፍተት ያገኛታል። በእሷ ገብቶ አንዱን ጠርዝ ካነሳ በኋላ ያለው የዓይን ጥቅሻ ሥራ ነው።

ጉልበቱም ቀላል አይደለም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የነፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ንቅንቅ ያላለ መነጽር በ100 የሚበረው ለዚህ ነው። በባሕር ጠለል ላይ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ 17 በ9 ሴንቲ ሜትር የሆነ መነጽር የሚያርፍበት ግፊት ወደ 700 ግራም ክብደት ይጠጋል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ከዚህ አንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ወደ አዋሽ የወረደ ሰው ግን ቅናሹን እየመለሰ ነው የሚሄደው።

ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል ተራ መነጽር ሙሉ ፊት በሚሸፍን ሄልሜት ውስጥ ችግር የለበትም፤ እጆቹ ቀጥ ያሉ ከሆኑ የሄልሜቱ ስፖንጅ ግራና ቀኝ ጨምቆ ይይዛቸዋል። ፊቱ ክፍት በሆነ ሄልሜት ግን መፍትሔው ጎግል ነው፦ ዙሪያውን ስፖንጅ የተለበጠ፣ በሰፊ ላስቲክ የሚታሰር መነጽር። አውሮፓ ለሞተረኞች ጎግል የራሱን መለኪያ፣ ኢኤን 1938 የተባለውን፣ አውጥታለታለች።

ብዙ ሰው የሚተማመነው በላስቲኩ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ስፖንጁን ነው። ስፖንጁ ከግንባር እስከ ጉንጭ ሳይቋረጥ ከገጠመ ነፋሱ የሚገባበት ያጣል፤ ላስቲኩ መጠነኛ ቢሆንም ይበቃል። ሳይገጥም ሲቀር ሰው ላስቲኩን ያጠብቃል፤ ያን ጊዜ ፍሬሙ ይጣመማል፣ መሐሉ አፍንጫ ላይ ይጫናል፣ ጎንና ጎኑ ይከፈታል። ነፋሱ የሚፈልገው ደግሞ ጎኑን ነው።

ላስቲኩ ከሄልሜቱ ውጭ ይዞራል። ከሄልሜቱ ሥር የሚያስሩትም አሉ፤ ለእኔ ግን ዘለበቱ በራስ ቅልና በሄልሜት መካከል መግባቱ አይጥመኝም፣ በተለይ ስለ መውደቅ ሳስብ። እንዳይንሸራተት የላስቲኩ ውስጠኛ ገጽ ላይ የሲሊኮን መስመሮች ይደረጋሉ። በአንዳንድ ጎግሎች ላይ ደግሞ ላስቲኩ የሚጀምረው ከፍሬሙ ጎን ወጣ ካሉ ትናንሽ ክንዶች ነው፤ የሄልሜቱን ጠርዝ ሳይነካ ፍሬሙን እኩል ወደ ኋላ እንዲስብ። በቆዩ ክፍት ሄልሜቶች ጀርባ የምትታየው ባለ ቁልፍ የቆዳ ማቀፊያም ሥራዋ ላስቲኩ ሽቅብ እንዳይወጣ መያዝ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1907 የተጀመረው የማን ደሴት (አይል ኦፍ ማን) የሞተር ሳይክል ውድድር ተወዳዳሪዎች ለአሥርተ ዓመታት ፊታቸውን ለነፋስ ሰጥተው የጋለቡት ጎግል አድርገው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 አሜሪካዊው የመኪና ተወዳዳሪ ዳን ገርኒ ሙሉ ፊት የሚሸፍን ሄልሜት አድርጎ ፎርሙላ ዋን ውስጥ ከታየ በኋላ ግን የአስፋልት ሞተር ተወዳዳሪዎችም ቀስ በቀስ ወደዚያው ሄዱ። ጎግሉን ያልለቀቀው ከአስፋልት ውጭ የሚካሄደው የሞተር ውድድር፣ ሞቶክሮስ፣ ነው። እዚያ ጋላቢው እንደ ሯጭ ያለከልካል፤ ፊቱ በመስታወት ቢዘጋ በራሱ ትንፋሽ ይጋረዳል። ጭቃው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሌንሱ ላይ ስስ ፕላስቲኮች ተደራርበው ይለጠፋሉ፤ ጭቃ ሲሸፍነው ጋላቢው በግራ እጁ አንዷን ልጦ ይጥላል። ይህ መንጨት እየተጋለበ የሚደረግ ስለሆነ በደንብ ያልታሰረ ጎግል ከፕላስቲኩ ጋር ይመጣል። በሌላ ዘዴ ከአንድ ወገን ያለ የፕላስቲክ ጥቅል ክር ሲጎተት ወደ ሌላው ወገን ይጠቀለላል፤ ፍሬሙ ያን ያህል አይናወጥም።

ጎግል ሊገዛ የሚሄድ ሰው ሄልሜቱን ይዞ ይሂድ። የፍሬሙ ጫፎች የሄልሜቱን ጠርዝ ከነኩ ስፖንጁ ፊት ላይ አያርፍም፤ ዋጋው ምንም ቢሆን ያ ጎግል ለዚያ ሄልሜት አይሆንም። ሁለቱንም አድርጎ ትከሻን በቶሎ መገላመጥ፣ ወደ ታችም ማየት ነው፤ ሱቅ ውስጥ ከጉንጭ የተነሳ ጠርዝ መንገድ ላይ አይተኛም። በፀሐይና በላብ የላላ ላስቲክ በብዙዎቹ ላይ ተፈትቶ ይለወጣል። ስፖንጁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፍሬሙ ጋር የተጣበቀ ነው፤ እሱ መፈርፈር ከጀመረ ሌላ ጎግል መግዛት ነው።