ጥያቄ ጠይቀን ስንት ሰከንድ እንጠብቃለን?

ገበያ ወርደን «እማማ፣ ሽንኩርቱ ስንት ነው?» ብለን እንጠይቅ። ዋጋውን ሲነግሩን «ጎበዝ! ትክክል ነው» ብንላቸው ምን ይሉናል? «ምነው ልጆቼ፣ አመማችሁ እንዴ?» ማለታቸው አይቀርም። ክፍል ውስጥ ግን ይህንኑ ቀኑን ሙሉ ስንል የሚገረም የለም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ገበያ ላይ የምንጠይቀው የማናውቀውን ነው፤ መምህር ግን መልሱን እያወቀ ይጠይቃል። ስለዚህ የክፍል ንግግር ሦስት ደረጃ አለው፦ መምህሩ ይጠይቃል፣ ተማሪው ይመልሳል፣ መምህሩ መልሱን ይመዝናል። በእንግሊዝ አገር የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ሲንክሌርና ኩልታርድ የክፍል ንግግር ቀድተው ከመረመሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን አካሄድ ዘርዝረው አስረድተዋል።

ታዲያ ችግሩ የቱ ላይ ነው? በጥያቄውና በመልሱ መካከል ያለችው ዝምታ ላይ ነው። አሜሪካዊቷ የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ሜሪ ባድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1974 እንደጻፉት፣ በቴፕ በተቀዱ ትምህርቶች ውስጥ መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሡ ግን የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ መልስ አጥተው ዝም የሚሉት ቀነሱ፣ ተማሪዎቹ ራሳቸውም ይበልጥ መጠየቅ ጀመሩ።

እኛም ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት 5ኛ ክፍል ይኸው ደረሰብን። «ተክል ውሃን ከአፈር የሚስበው በምኑ ነው?» ብለን ጠየቅን። ክፍሉ ጭጭ አለ። ገምጋሚያችን ከኋላ ተቀምጠዋል። ደነገጥንና «በሥሩ ነው አይደል?» አልን። ተማሪው በሙሉ «አዎ ቲቸር!» ብሎ ጮኸ። ደወል ሲደወል አንዲት ልጅ ቀረብ ብላ፣ «እጄን ላወጣ ስል እኮ ቀደሙኝ» አለችን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኼ ነው።

እንግዲህ ከጠየቅን በኋላ በልባችን «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብለን እንቁጠር። መልሱ ሲመጣም «ጎበዝ» ብለን ከመዝጋት ይልቅ «እንዴት አወቅሽ?» እንበል። «ገባችሁ?» ስንል በአንድ ድምፅ የሚመጣው «አዎ» ደግሞ መረዳታቸውን አያረጋግጥም። ዝምታው ለእኛ ረጅም ነው፤ ለሚያስብ ተማሪ ግን አጭር ነው። በሚቀጥለው የልምምድ ሰዓታችን እስቲ እንሞክረው።